ምድጃውን ከመገንባታችሁ በፊት ክርናችሁን ለኩ

ታናሽ ወንድሜ ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር ባለው ግቢው ጥግ ላይ የፒዛ ምድጃ አሠራ። ከሩቅ ሲታይ ያምራል። ክብ ጉልላት አለው፣ ኖራ ተቀብቷል፣ ከሥሩ የማገዶ ማስቀመጫ ተበጅቶለታል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ስድስት ፒዛ ልንጋግር ተሰበሰብን። ሦስተኛው ላይ ወንድሜ ወገቡን ይዞ ቀና አለ። አምስተኛው ላይ አንድ ጉልበቱን መሬት አስነክቶ ነበር ወደ ውስጥ የሚያየው። ስድስተኛው ፒዛ አንድ ጎኑ ከሰል ሆኖ ወጣ። ጎንበስ ብሎ የሚያየው ሰው ጠፋ።

እናታችን ጥላ ሥር ቡናዋን ፉት እያለች፣ «ይሄ ሁሉ ብር ወጥቶበት ተመልሶ ጉልቻ ሆነ?» አለች።

ስቀን አለፍነው። ማታ ላይ ግን ሜትሮ አምጥቼ ለካሁት። ከምንቆምበት ኮብልስቶን እስከ ምድጃው የጡብ ወለል 78 ሴንቲ ሜትር። ወንድሜ ደግሞ ቁመቱ 172 ነው። ያ ሁሉ መጎንበስ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስት ወዳጆቼ እዚሁ ሐዋሳ ግቢያቸው ውስጥ ምድጃ ለማሠራት አስበው ጠይቀውኛል። ስለ ጉልላቱ ይጠይቃሉ። ስለ ጡቡ ይጠይቃሉ። ስለ ጭስ ማውጫው ይጨነቃሉ። ስለ ከፍታው አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ጉልላት ቢሰነጠቅ ይለጠፋል፤ ጭስ ማውጫ ይቀየራል። ከፍታ ግን አንዴ ሶሌታው፣ ማለትም ምድጃውን የሚሸከመው የኮንክሪት ንጣፍ፣ ተሞልቶ ጡቡ ከተነጠፈ በኋላ የሚነካ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

ምድጃ ጠረጴዛ አይደለም

ወንድሜ ግንበኛውን ያዘዘው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ጋሼ፣ ልክ እንደ ኪችን ጠረጴዛ ያድርጉልኝ።» ግንበኛውም እንደታዘዙት 90 ሴንቲ ሜትር ላይ አሳረፉት። (78 እንዴት እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።)

ሐሳቡ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ኪችን ውስጥ 90 ሴንቲ የተመቸው ሰው ውጪ ለምን አይመቸውም? ልዩነቱ አተያዩ ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለ ድስት ከላይ ነው የሚታየው። አንገትህን ዘንበል ብታደርግ ወጡን እስከ ሥሩ ታየዋለህ። የፒዛ ምድጃ ግን ዋሻ ነው። ውስጡ የሚታየው በጎን፣ በአፉ በኩል ብቻ ነው።

«አፉን ሰፋ፣ ከፍ አድርጎ መሥራት ነዋ!» የሚል ይኖራል። አይሆንም። የአፉ ከፍታ ከጉልላቱ የውስጥ ከፍታ 63 በመቶ ገደማ እንዲሆን ነው ምድጃ ሠሪዎች የሚመክሩት። ከዚያ በላይ ከሆነ ሙቀቱ ያመልጣል፤ በጣም ካነሰ ደግሞ እሳቱ አየር ያጥረዋል። የወንድሜ ምድጃ ውስጡ በስፋት 100፣ በከፍታ 48 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ አፉ 30 ሴንቲ ብቻ ነው። በዚያች 30 ሴንቲ ነው እንግዲህ ሁሉ ነገር የሚታየው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አይከብድም። የወንድሜ ዓይን ቀጥ ብሎ ሲቆም ከመሬት 160 ሴንቲ ላይ ነው። ከአፉ 60 ሴንቲ ያህል ርቆ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ መቅረብ ፊት ያቃጥላል። የምድጃው ወለል 78 ላይ ከሆነ የአፉ የላይኛው ጠርዝ 108 ላይ ነው ማለት ነው። ከዓይኑ ተነስቶ ያንን ጠርዝ ታኮ የሚያልፍ ክር ወጥራችሁ ወደ ውስጥ ብትለቁት፣ ወለሉን የሚነካው ከአፉ 35 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ነው። ከመቶ ሴንቲ ወለል 35ቱን ብቻ ያያል ማለት ነው። ፒዛውም እሳቱም ያሉት ከዚያ ወዲያ ነው።

ወለሉ 90 ላይ ቢሆን ኖሮስ? 45 ሴንቲ ይታየው ነበር። ብዙም አልተሻለም። 111 ላይ ሲሆን ግን ክሩ 95 ሴንቲ ድረስ ይገባል። ወለሉ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ታየ። ሃያ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ረድፍ ብሎኬት፣ በማየትና ባለማየት መካከል ያለው ልዩነት ይኼው ነው።

ማየት ይህን ያህል ለምን ያስፈልጋል? የኔፕልስ ዓይነቱ ፒዛ ከ430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሞቀ ምድጃ ውስጥ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ይበስላል። እሳቱ ያለው በአንድ ጎን ነው። ስለዚህ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ማዞር ግድ ነው። ማስገባት፣ ሦስቴ ማዞር፣ ማውጣት። ለአንድ ፒዛ አምስት ጊዜ፣ ለስድስት ፒዛ ሠላሳ ጊዜ ጎንበስ ቀና። እንጀራ ጋጋሪም ይህን ያህል አትሰግድም፤ እሷ ቢያንስ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ ነው።

ደግሞ ወለሉ ብቻ አይደለም የሚታየው። እሳቱ ሲቀጣጠል የጉልላቱ ውስጥ በጥቀርሻ ይጠቁራል። ሙቀቱ በደንብ ሲገባ ጥቀርሻው ራሱ ይቃጠልና ጡቡ ይነጣል። ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው «አሁን ፒዛ አስገባ» የሚለው ምልክት ይኼ ነው። ወለሉ ዝቅ ባለ ምድጃ ይህን ለማየት ራስን ጉልበት ድረስ ማውረድ ነው።

ክርን

የዚህ ዓይነት ምድጃ የሚሠሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳርፉት ከ100 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ባለው መካከል ነው። 110 የሚባለው ቁጥር ቶሎ ቶሎ ይሰማል። እኔ ግን ቁጥሩን ከመሸምደድ ክርንን መለካት ይሻላል ባይ ነኝ።

አለካኩ ቀላል ነው። ሥራ ላይ የምታደርጉትን ጫማ አድርጉ። ነጠላ ጫማ ከሆነ ነጠላ ጫማ። ክንዳችሁን ወደ ታች ልቀቁና ከክርን ላይ ብቻ አጥፉት፣ ትሪ እንደያዘ ሰው። ሌላ ሰው ከመሬት እስከ ክርናችሁ ሥር ይለካ። ብዙ ሰው ላይ ከቁመቱ 63 በመቶ ገደማ ይሆናል። (አዎ፣ ከአፉ ቁጥር ጋር ገጠመ፤ እንዲሁ አጋጣሚ ነው።) 172 የሆነው ወንድሜ 108 አካባቢ ነው። 153 የሆነችው እናቴ 96።

ክርን የተመረጠው በአካፋው ምክንያት ነው። ፒዛ የሚገባው ረጅም እጀታ ባለው ጠፍጣፋ አካፋ ነው፤ ዳቦ ቤት አይታችሁት ይሆናል። ሊጡ ከአካፋው ወደ ጡቡ የሚወርደው በአንድ አጭር መንጠቅ ነው። መንጠቁ የሚሠራው አካፋው ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ ሲገባ ነው። ወለሉ በክርን ልክ ሲሆን እጀታው በራሱ ጊዜ ጠፍጣፋ ይተኛል። ወለሉ ዝቅ ካለ እጃችሁ ከፍ፣ የአካፋው ጫፍ ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ሊጡ ገና ሳትፈልጉት በአፍጢሙ ይንሸራተታል። ወለሉ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ጫፉ ወደ ላይ ያፈጥና ሊጡ አልወርድም ይላል፤ ስጎውና አይቡ ወደ እናንተ ይመጣል።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ስነግረው ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደ። «እንግዲያው 130 አደርገው ነበራ!» አለኝ። እንደዚያም አይደለም። በምድጃ አፍ በታችኛው በኩል ቀዝቃዛ አየር ይገባል፤ በላይኛው በኩል ትኩሱ አየርና ጭሱ ይወጣል። ወለሉ 130 ላይ ከሆነ የአፉ ጠርዝ 160 ላይ ነው። 160 ደግሞ የወንድሜ ዓይን ነው። ቅንድብ የሚባል ነገር አይተርፈውም።

የድፎ ዳቦው ነገር

እስካሁን ያወራሁት ስለ ፒዛ ነው። ፒዛ ቀላል ነው፤ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። እኛ ቤት ግን ምድጃ ተሠርቶ በፒዛ ብቻ አይቀርም። እናቴ ገና ጉልላቱ ሲደርቅ ነው «ድፎ ይችላል?» ብላ የጠየቀችው። ይችላል፤ በጣም ያምርበታል እንጂ። (ለነገሩ ጣሊያኖች ፎርኖ የሚሉት ምድጃውን ነው፤ እኛ ፉርኖ የምንለው ዳቦውን። ስሙ ከምድጃው ወጥቶ ዳቦው ላይ አርፏል።)

ድፎ ግን ሥራው ሌላ ነው። ነበልባሉ ከጠፋና ፍሙ ከተጠረገ በኋላ፣ ሙቀቱ ወደ 200 እና 250 ዲግሪ ሲወርድ ይገባል፤ አፉ በመዝጊያ ይዘጋል። ሠላሳ ጊዜ ማየት የለም። አንዴ ማስገባት፣ አንዴ ማውጣት። ነገር ግን የምታነሱት ኮባ የተነጠፈበት የብረት ምጣድ ነው። ሊጡ ከነምጣዱ ስምንት አሥር ኪሎ ይሆናል፤ ሲወጣ ደግሞ ብረቱ ያቃጥላል። አሥር ኪሎ ትኩስ ብረት ከክርን በታች ሲሆን በክንድም በወገብም ይያዛል። ደረት ላይ ሲደርስ ግን በትከሻ ብቻ ነው። እናቴ 111 ላይ ያለ ምድጃ ውስጥ ድፎ ብታስገባ፣ ከክርኗ 15 ሴንቲ በላይ ማንሳት አለባት። እኔ አልፈቅድላትም።

ስለዚህ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ስንት ሴንቲ?» አይደለም፤ «ማን ነው ብዙ የሚጋግርበት? ምን?» የሚለው ነው። ፒዛ የሚበዛበት ቤት ከሆነ የዋናውን ጋጋሪ ክርን፣ ወይም ከዚያ ሁለት ሦስት ሴንቲ ከፍ። ድፎና ከባድ ድስት የሚበዛ ከሆነ ከክርን አምስት፣ ቢበዛ አሥር ሴንቲ ዝቅ። ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የመጣ ቆሮሶ በትሪ ለመጥበስ ከሆነ የትኛውም ይሄዳል፤ ትሪው ቀላል ነው፣ ዓሣውም እንደ ፒዛ አያጣድፍም።

ቤት ውስጥ ረጅምና አጭር ካሉ እኔ መሐከሉን አልወድም። ዋናውን ጋጋሪ መምረጥ ይሻላል። ለአጭሩ ሰው ከፊት መርገጫ ሣጥን እናስቀምጥ የሚሉ አሉ። እሳት ፊት ትኩስ ምጣድ ይዞ ከሣጥን ላይ ወደ ኋላ መራመድ ምን እንደሆነ እስቲ አስቡት።

ልጆች ካሉ ደግሞ ዝቅተኛ ምድጃ ሌላ መዘዝ አለው። የወንድሜ ምድጃ አፍ ከ78 እስከ 108 ሴንቲ ነው። ያ የአምስት ዓመት ልጅ ፊት ነው። የእሱ ትንሿ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው። እሳት በነደደ ቁጥር አንድ ሰው እሷን ብቻ እንዲጠብቅ ይመደባል።

78ቱ ከየት መጣ

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ። ግንበኛው 90 ብለው ነበር፤ በትክክልም 90 ነበር። እኔው ራሴ ቆጥሬዋለሁ።

ብሎኬት በከፍታው 20 ሴንቲ ነው፤ ከማላታው፣ ከማያያዣው ሲሚንቶ፣ ጋር 21 ያዙት። ሦስት ረድፍ፣ 63። በላዩ ፌሮ ያለው ሶሌታ፣ 10። በሶሌታው ላይ ሙቀት ወደ ታች እንዳይወርድ የሚከላከል ንብርብር፣ 10። እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ዕድለኛ ነው፤ ሌላ ቦታ በውድ የሚገዛውን እኛ በፑሚስ እንሠራዋለን። የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ የተፋው በአየር የተሞላ ቀላል ድንጋይ ነው፤ ብሎኬታችንም የሚሠራበት እሱው ነው። በጥቂት ሲሚንቶ ለውሶ መጠቅጠቅ ነው። ከዚያ ለማስተካከያ 1 ሴንቲ አሸዋ፣ በላዩ እሳት የሚችል ጡብ 6 ሴንቲ ገደማ። ከብሎኬቱ በላይ ያለው ሁሉ ሲደመር 27። 63 እና 27፣ 90።

በዚህ ስሌት አራት ረድፍ ብሎኬት 111 ይሰጣል። በሦስትና በአራት መካከል 21 ሴንቲ ክፍተት አለ። የእናንተ ቁጥር በመካከል ከሆነ፣ 106 እንበል፣ አራት ረድፍ አድርጋችሁ መሠረቱን በአምስት ሴንቲ ዝቅ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ እግር ከንጣፉ በታች ይቀራል፤ ማንም አያየውም። ብቻ ከፑሚሱ ላይ አትቀንሱ። አምስት ሴንቲ ለማትረፍ ተብሎ የተቀነሰ ፑሚስ፣ ወለሉ ቶሎ የሚቀዘቅዝ፣ ሥሩ ያልበሰለ ፒዛ ነው የሚሰጠው።

ታዲያ 90ው እንዴት 78 ሆነ? ምድጃው ሲገነባ ግቢው ገና ባዶ አፈር ነበር። ግንበኛው ከአፈሩ ለኩ። ከሁለት ወር በኋላ ወንድሜ ግቢውን ኮብልስቶን አስነጠፈ። አሸዋውና ድንጋዩ መሬቱን በ12 ሴንቲ ከፍ አደረጉት። ምድጃው ባለበት ቆመ፤ እኛ ከፍ አልን።

ለዚህ ነው ለግንበኛ «የምድጃው መቆሚያ ይህን ያህል ይሁን» የማይባለው። የሚባለው እንዲህ ነው፤ «ያለቀለት የጡብ ወለል፣ ከምንቆምበት ያለቀ ንጣፍ፣ 106 ይሁንልኝ።» ንጣፉ ገና ካልተነጠፈ የሚደርስበትን ቦታ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ከእሱ ይለካ። እዚህ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ሥር እንዳለ ተዳፋት ግቢ ከሆነ ደግሞ ከምድጃው ጎን ሳይሆን የጋጋሪው እግር ከሚቆምበት። እዚያ ያለው ልዩነት በሁለት እርምጃ ውስጥ አሥር ሴንቲ ሊሆን ይችላል።

ለሊጥ ማሻ ከጎን የሚሠራ ጠረጴዛ ካለ ከምድጃው ወለል እኩል አታድርጉት፤ ግንበኛ አንድ መስመር ስለሚወድ እኩል ላድርገው ይላችኋል። ሊጥ ወደ ታች ተገፍቶ ነው የሚታሸው። እሱ 85፣ 90 ላይ ይሁን። ኪችን ጠረጴዛ ትክክል የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። የምድጃው አፍ ደግሞ ነፋስ ወደሚመጣበት አይዙር፤ ቀን ላይ ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ ጭሱን መልሶ ፊታችሁ ላይ ይነዛዋል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ሙከራ አድርጉ። ምንም ወጪ የለውም። የለስላሳ ሣጥን ደራርባችሁ በላዩ ጣውላ አጋድሙ፤ ቁጥሩ እስኪመጣ በጡብና በመጽሐፍ ሙሉት። ጣውላው ላይ ትልቅ ካርቶን ደፍታችሁ በጎኑ 30 በ50 ሴንቲ አፍ ቅደዱለት። መጥረጊያ እንጨት ላይ የድስት ክዳን እሰሩ፤ አካፋችሁ ነው። ክዳኑ ላይ ነጠላ እንጀራ አድርጋችሁ አስገቡ፣ አዙሩ፣ አውጡ። ሠላሳ ጊዜ። ጎረቤት ይስቃል፤ ይሳቅ። ለድፎው ደግሞ አሥር ኪሎ ጤፍ ከነከረጢቱ ትሪ ላይ አድርጋችሁ አንሱ። ወገብና ትከሻ ወዲያው ይናገራሉ። ካልተመቸ ሣጥን መጨመር ወይም መቀነስ ነው። ሶሌታ ላይ ይህ የለም።

የወንድሜን ምድጃ ማንሳት አልቻልንም። አንድ ቶን የሚጠጋ ነገር ነው። ስለዚህ መሬቱን አወረድነው። ከምድጃው ፊት አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ኮብልስቶኑን ነቅለን ሃያ ሴንቲ ቆፈርን፣ መልሰን አነጠፍን። ክረምት ውኃ እንዳይቋጥር ወደ አጥሩ ቱቦ አወጣንለት። ጠርዙን ነጭ ቀለም ቀባነው፤ እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት እንግዳ ተደናቅፎበታል።

አሁን ወለሉ 98 ላይ ነው። ወደ እናቴ ክርን የተጠጋ። እሷም ለበዓል ሁለት ድፎ ጋገረችበት፤ ኮባውን ስትገልጥ ግቢው ሁሉ ሸተተ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒዛውን የሚጋግረው ግን አሁንም ወንድሜ ነው፤ አሁንም ጎንበስ ብሎ።